አቃንተው ሰጡኝ

የአክስቴ ስልክ የሚሠራው ቁርቁራው ሥር ብቻ ነው። ቤቷ ቀወት ነው፤ ከሸዋሮቢት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከጣርማበር የሚወርደው ገደል ከሜዳው ጋር በሚገናኝበት፣ ከአንድ ጉብታ ጀርባ። የስልኩ ምሰሶ ከጉብታው ማዶ ስለሆነ ጫፉ እንኳ አይታይም። ስለዚህ ማታ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ የሠፈሩ ሰው ስልኩን ይዞ ወደ ቁርቁራው ይወጣል። የማን ልጅ ከጅዳ ስንት እንደላከ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማሾ ዋጋ ስንት እንደገባ፣ ሁሉም እዚያው ይሰማል፤ ድምፁ እየተቆራረጠ ስለሚመጣ ሰው ሁሉ ይጮኻላ! አክስቴ ጅዳ ያለች ልጅ አለቻት። ልጅቷ እዚያው ወልዳለች። አክስቴ የልጅ ልጇን በቪዲዮ ለማየት ስትሞክር ምስሉ ግማሽ ግንባርና አንድ ዓይን ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። "ዓይኗ የእናቴን ነው፤ ሌላውን ግን አላየሁትም" አለችኝ። ሥራዬ ሬዲዮና አንቴና ነው፤ ይህን ሰምቼ እንዴት ዝም ብዬ ልቀመጥ?

ጉዳዩ ሲታሰብ ቀላል ነበር። ሲም የሚገባበት ራውተር አለ፤ ከጀርባው የውጭ አንቴና የሚሰካበት ቦታ አለው። ጣሪያው ላይ ደህና አንቴና ከተሰቀለ ቤት ውስጥ ዋይፋይ ይሆናል፤ አክስቴ መደቧ ላይ ተቀምጣ ቡናዋን እያፈላች ከጅዳ ጋር ታወራለች። ከእኔ የሚጠበቀው ሽቦዎቹን ይዤ ሸዋሮቢት መውረድ፣ እዚያ ካለ ብየዳ ቤት ላሜራ ላይ ማስበየድና ወስዶ መስቀል ብቻ። ይህች ትንሽ ጉዳይ እንዴት የሠፈር ጉባኤ እንደሆነች ነው የማወጋችሁ። ስኒያችሁን ሙሉና ስሙኝ፤ ብየዳ ቤቱ ከመድረሳችን በፊት ሽቦዎቹ ለምን ጠማማ እንደሆኑ ማወቅ አለባችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ነውና።

ገበያ ላይ ያለው አንቴና ለምን አልበቃም? የአክስቴ ቤት ችግር የምልክት ማነስ ብቻ ስላልሆነ ነው። ከምሰሶው የሚነሳው ሞገድ ቤቷ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የጉብታውን ጫፍ ታክኮ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ሌላው ጉብታውን አልፎ ሄዶ ገደሉ ላይ ይላተምና በጎን በኩል ይመለሳል። የተመለሰው ረጅም መንገድ ስለሄደ ዘግይቶ ይደርሳል፤ የአንዱ ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ጋር የገጠመ እንደሆነ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። 1800 ሜጋኸርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት ከ17 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ያነሰ ነው። ለዚህ ነው አክስቴ ስልኩን ይዛ ግማሽ ስንዝር ወዲህ ወዲያ ባለች ቁጥር ድምፁ የሚመጣውና የሚሄደው። ለእሷ የሚበጃት አንቴና ጉብታውን አጥርቶ የሚሰማ፣ ለገደሉ ግን ጆሮውን የሚደፍን ነው።

ይህን አንድ ሽቦ ብቻውን አይችለውም። ብዙ ሆነው ጎን ለጎን ሲቆሙና የሰሙትን ሲደምሩ ግን ይችላሉ። ከፊት የመጣው ሞገድ ሁሉም ጋ እኩል ስለሚደርስ ድምሩ ይጎለብታል፤ ከጎን የመጣው አንዱ ጋ ቀድሞ፣ ሌላው ጋ ዘግይቶ ስለሚደርስ ሲደመር ይዳከማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ምሰሶ ላይ ተሰቅለው የምታዩዋቸው ነጫጭ ረዣዥም ሳጥኖች ውስጥም ያለው ይኸው ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩ ትንንሽ አንቴናዎች፣ ጉልበታቸውን ወደ ሰማይ ከማባከን ወደ መንደሩ እንዲያወርዱ የተቀመሩ። በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ፣ ደርግ በ1969 ዓ.ም. እስኪወርሰው ድረስ፣ በአጭር ሞገድ ሕንድና ማዳጋስካር ድረስ ይሰማ ነበር። የማሠራጫው ጉልበት ብቻ አልነበረም ያደረሰው፤ አንቴናዎቹ ወደሚፈለገው አገር እንዲያነጣጥሩ ተደርገው መተከላቸውም ጭምር ነው።

ታዲያ አራት ቀጥ ያሉ ሽቦዎችን እኩል እኩል አራርቆ መትከል ነዋ፣ ትሉ ይሆናል። ይቻላል፤ መጽሐፍ ላይ ያለው የመጀመሪያው መንገድ እሱ ነው። ነገር ግን እኩል የተደረደረ መስመር በጎን በኩል ያፈስሳል። አንቴናዎቹ የፈለገውን ያህል ቢበዙ ትልቁ የጎን ፍሳሽ ከዋናው 20 እጥፍ ያህል ቢያንስ ነው፤ ገደል ሥር ላለ ቤት ይህ አይበቃም። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ማዛባት፣ ሽቦዎቹን ማጠፍ፣ አንዳንዱን ማሳጠር ይረዳል። ግን ስንቱን? ራንዲ ሃውፕት የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጥናት 200 አንቴናዎች ከተደረደሩበት መስመር የትኞቹ ቢጠፉ የጎን ፍሳሹ ይቀንሳል ብሎ ጠየቀ። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ይሁን ቢባል እንኳ አማራጩ 2 በራሱ 100 ጊዜ ሲባዛ የሚመጣው ነው፤ 1 ጽፋችሁ 30 ዜሮ ብትደረድሩለት ከዚያም ይበልጣል። ይህን አንድ በአንድ የሚሞክር ኮምፒዩተር የለም። ሃውፕት ወደ ዝግመተ ለውጥ ስልተ ቀመር፣ ደህና ደህናውን እየመረጡ ወደ ማዳቀል፣ የሄደው ለዚህ ነው።

ይህን ዘዴ አክስቴ ከእኔ በፊት ታውቀዋለች። ማሽላው ሊታጨድ ሲል፣ ሌላው ሰው ገና ማጭድ ሳያነሳ፣ ብቻዋን ማሳው ውስጥ ትገባለች። ዛላ በዛላ ትዳስሳለች። ፍሬው የገጠመውን፣ ወፍ ያልደፈረውን፣ አቀንጭራ በበዛበት ጥግ ቆሞ ያፈራውን ትቆርጥና ለብቻ ታስቀምጣለች። እነዚያ ከምድጃው በላይ ይሰቀላሉ፤ ጭሱ ከነቀዝ ይጠብቃቸዋል፤ የከርሞ ዘር እነሱ ናቸው። ሌላው ይበላል። ከዓመት ዓመት፣ ከእናት ወደ ልጅ፣ እንዲህ ሲመረጥ ኖሮ ነው ደጋሊት የሚባለው ማሽላም ጅጉርቲ የሚባለውም የይፋትን ፀሐይና የዝናቡን መዘግየት የለመደው። ማንም ቁጭ ብሎ አልነደፈውም። ዶክተር መላኩ ወረደ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሟገቱት ለዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በተቋቋመው የአዲስ አበባው የዘር ባንክ ሲሠሩ የገበሬው ምርጫ ራሱ ሳይንስ መሆኑን ለዓለም አስረድተው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ።

እኔ ኮምፒዩተር ላይ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። በዕጣ የተጣመሙ ብዙ የሽቦ ድርድሮች እንዲፈጥር ነገርኩት። እያንዳንዱን ኔክ ለሚባል ፕሮግራም ይሰጣል፤ ይህ በሎረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ የተጻፈ፣ ሽቦ ላይ ሞገድ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን የሚያሰላ አሮጌና ታማኝ ፕሮግራም ነው። ወደ ጉብታው ስንት ሰማ? ወደ ገደሉስ ስንት አፈሰሰ? ነጥብ ይሰጠዋል። ዝቅተኞቹ ይጣላሉ። ከፍተኞቹ ይዳቀላሉ፤ የአንዱ ግራ ከሌላው ቀኝ ይጋባል፤ አልፎ አልፎ አንድ መታጠፊያ በዕጣ ይዛባል። ከዚያ እንደገና። መጀመሪያ የሚወጡት ሲታዩ ያሳዝናሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነውና፣ ትውልድ ሲደራረብ ነጥቡ ይወጣል። በመጨረሻ የደረሰኝ ድርድር አራት ሽቦ ነው፤ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ የታጠፈ፣ አንዳቸውም ከሌላው እኩል ያልራቁ። ወደ ገደሉ አቅጣጫ ግን ስሌቱ ዝም ብሏል። አይቼው ደስ ብሎኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠማማነቱ ደግሞ የእኔ ኮምፒዩተር ዓመል አይደለም። ካሊፎርኒያ ባለው የናሳ ኤምስ ምርምር ማዕከል ጄሰን ሎን፣ ግሬግ ሆርንቢና ዴሪክ ሊንደን ለስፔስ ቴክኖሎጂ 5 ተልዕኮ አንቴና ያዳቀሉት በዚሁ ዘዴ ነው። እያንዳንዳቸው 25 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝኑ 3 ትንንሽ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2006 ወደ ህዋ ወጡ፤ በላያቸው በመዳፍ የሚያዙ የተጣጠፉ ሽቦዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ዙር በተደረገው መለኪያ ባለሙያዎች በተለመደው መንገድ የነደፉት ጥንድ አንቴና ብቃቱ 38 በመቶ ሲሆን፣ ተዳቅሎ የተገኘው ጥንድ 93 በመቶ ደረሰ። ቀጥሎ የሳተላይቶቹ ምህዋር እንዲለወጥ ተወሰነ። ምህዋሩ ሲለወጥ ጥያቄው ተለወጠ፤ ጥያቄው ሲለወጥ ሽቦውም እንደገና ተዳቅሎ ሌላ ቅርጽ ይዞ ወጣ።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ዘዴው ጠማማ ወዳድ አይደለም። ኢንጎ ሬሸንበርግ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1964 በርሊን ውስጥ 5 ማጠፊያ ያለው ሰሌዳ የንፋስ መተላለፊያ ውስጥ አስቀመጠ። እያንዳንዱ ማጠፊያ 51 ቦታ ላይ ሊቆም ይችላል፤ አማራጩ ከ345 ሚሊዮን በላይ ነው። ሰሌዳውን አጣምሞ ጀመረ፤ ማጠፊያዎቹን በዕጣ እያዛባ የንፋስ ግፊት የቀነሰበትን ብቻ ይዞ ቀጠለ። ሰሌዳው ከሙከራ ሙከራ እየተቃና ሄዶ ዝርግ ሆነ። ንፋሱ የጠየቀው ዝርግ ነበር፣ አገኘ። የእኔ ገደል የጠየቀው ጠማማ ነበር፣ አገኘ። ይህን ያዙልኝና እንሂድ።

ሽቦዎቹን በጥጥ ጠቅልዬ፣ ካርቶን ውስጥ አስተኝቼ፣ ከላምበረት ተሳፈርኩ። ካርቶኑን ፖርቶ መጋላ ላይ አላስጫንኩትም፤ ጭኔ ላይ ነው የያዝኩት። ደብረ ብርሃን በረደን፤ ደብረ ሲና በመስኮት ቆሎ ገዛን፤ ከዚያ ቁልቁለቱ ቀጠለና ጃኬታችንን አወለቅን። አንድ ኬላ ላይ ውረዱ ተባልን። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ካርቶኔን ከፍቶ ጥጡን ገለጥ አደረገ።

"ምንድን ነው?"

"አንቴና ነው።"

አንዱን ሽቦ በሁለት ጣቱ አንስቶ አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። "ውይ፣ ተሰበረብህ?" አለኝ። ከልቡ ነው ያዘነልኝ። አይ፣ እንዲህ ነው የሚሆነው ስለው ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ተመለከተ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት "ተወው ልጄ፣ ሸዋሮቢት የሚያቃናልህ አታጣም" ብለው አጽናኑኝ። ፈታሹ ጥጡን መልሶ በጥንቃቄ ሸፈነልኝ። መኪናው ተነሳና፣ ገደሉን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወርድ የሙቀቱ አየር በመስኮት ገባ።

ብየዳ ቤቱ ዋናው መንገድ ላይ ነው። ባለቤቱ ጢማቸው የሸበተ፣ እጃቸው የተረጋጋ ሰው ናቸው። ላሜራውንና ሽቦዎቹን ተቀበሉ፤ ቀዳዳዎቹ የሚሆኑበትን ልክ የጻፍኩበትን ወረቀት ሰጠኋቸው፤ አዩት፤ ሞርሳው ሥር አስቀመጡት። "ይሄ ላሜራው ላይ ይቁም፣ አይደል?" አሉኝ። አዎ አልኩ። "አብሽር። ሻይህን ጠጥተህ ና።"

ሄድኩ። የዲሽ ገመድ ገዛሁ፤ ለአክስቴ ፓፓያ መረጥኩ፤ ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ስመለስ በሩ ላይ ልጆች ተሰብስበዋል። በያጁ ላሜራውን በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ ብርሃን አወጡልኝ።

ያማረ ሥራ ነበር። ላሜራው በብርጭቆ ወረቀት ተወልውሎ ያበራል። የጠርዙ ስለት ተሞርዷል። አራቱም ሽቦዎች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አንድ ቁመት፣ አንድ አቅጣጫ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት በካሊፐር የተለካ፣ ፀጉር የማያስገባ እኩልነት። ሥራቸው በእርሳስ የተያዘበት ቦታ ላይ አንዲት ትርፍ ጠብታ የለችም።

"መንገድ ላይ ጎብጦብህ ነበር" አሉኝ በለሆሳስ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙብኝ ነው መሰለኝ። "ሚኒባስ ላይ የተጫነ ዕቃ መቼ ደህና ይደርሳል? ሞርሳ ላይ አስሬ አንድ በአንድ አቃናሁልህ። የማቃኛውን አልቀበልህም።"

ምን ይባላል? ያ ሁሉ ትውልድ፣ ያ ሁሉ መዳቀልና መጣል፣ ሽቦው ላይ የቀረው መታጠፊያ ሆኖ ነው፤ ሌላ መልክ የለውም። በመዶሻና በሞርሳ፣ በደግነት፣ ታጥቦ ሄዷል። አመሰገንኳቸው። እግሬ አላንቀሳቅስ አለኝ። እሳቸው ፊቴን አዩና "ምነው፣ አልወደድከውም?" አሉ። ልጆቹም ዝም አሉ። ውሸት መናገር አልቻልኩም፤ "ጋሼ፣ መጀመሪያ የነበረው ነው ትክክለኛው" አልኳቸው።

ተቀምጠው ሰሙኝ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ውጭ አወጡኝና የራሳቸውን ጣሪያ አሳዩኝ፤ ዱሮ፣ ዲሽ ሳይመጣ፣ ለቴሌቪዥን የሠሩት አንቴና አሁንም አለ፤ አልሙኒየም፣ ከረጅም ወደ አጭር የተደረደረ፣ አንዲት ጠማማ የሌለበት። "ለስንቱ ቤት ሠርቻለሁ። አንቴና ቀጥ ያለ ነው።" እውነታቸውን ነው። ያ ቅርጽ ጃፓን ውስጥ ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1926 ሺንታሮ ኡዳና ሂዴትሱጉ ያጊ ያወጡት ነው፤ መቶ ዓመት ያህል ሆኖታል፤ የዓለም ጣሪያ ሁሉ በእሱ ተሸፍኖ ኖሯል። ይህንን ነገርኳቸው፤ ደስ አላቸው። ከዚያ ግን ከባዱ ጥያቄ መጣ።

"ታዲያ የአንተን ማን አጣመመው?"

"ኮምፒዩተር።"

"ይቺ መታጠፊያ ለምን እዚህ ሆነች?"

"እሱን አላውቀውም።"

"ኮምፒዩተሩስ?"

"እሱም አይናገርም።"

ሰዉ በዝቷል። የባጃጅ ሹፌሮች ቆመዋል፤ ጫት የያዘ ጎረምሳ ሳይቀር ጠጋ ብሏል። በያጁ ድምፃቸውን አላነሱም፤ "ምክንያቱን የማታውቀውን ነገር አክስትህ ጣሪያ ላይ ልትሰቅል ነው?" ብለው ብቻ ጠየቁኝ። በዚያ ሙቀት ላይ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። እዚህ ሥራ ውስጥ ያለን ሰዎች ሁሉ ልንጠየቀው የሚገባ ጥያቄ ነው፤ ደብረ ብርሃን ሄዶም ካሊፎርኒያ ሄዶም መልሱ አንድ ነው፤ ይለካል። የናሳዎቹም ቅርጹን አምነው አይደለም የላኩት፤ ሠርተው፣ ለክተው፣ ከሌላው ጋር አወዳድረው ነው። እየተንተባተብኩ ይህን ሳስረዳ አክስቴ ከገበያ ስትመለስ ግርግሩን አይታ መጣች። ማን ሞተ ብላ ነው የገባችው።

ነገሩን ከሁለታችንም ሰማች። ላሜራውን አየች፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን የጠማማውን ሥዕል አየች። ከዚያ ወደ በያጁ ዞረች።

"አንቱ፣ ደጋሊቱ አንገቱ የጎበጠው ለምን እንደሆነ ያውቃሉ?"

"እኔ የብረት ሰው ነኝ።"

"እኔም አላውቀውም። ወፍ እንዳይቆምበት ነው ይላሉ፤ ዝናብ ከላዩ እንዲወርድ ነው ይላሉ። እናቴ የጎበጠውን ለዘር ታስቀር ነበር፣ እኔም አስቀራለሁ። ጎተራው ሲሞላ አይቻለሁ። ይኼ ልጅ መርጬዋለሁ ካለ እንስቀለውና እንየው፤ ካልሰማ እናወርደዋለን።"

በያጁ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ካውያቸውን አነሱና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነቀሏቸው።

ቀላል አልሆነም። መዳብ ደጋግመው ሲያጥፉትና ሲያቃኑት ይጠነክራል፤ የመጀመሪያውን ሽቦ በወረቀቱ ልክ ስናጥፈው ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። በያጁ አልተደናገጡም። የቀሩትን ሦስቱን በነበልባል ፍም እስኪመስሉ አግለው ውሃ ውስጥ ነከሯቸው፤ ሲወጡ ለስልሰዋል። ለተሰበረው ምትክ ከቤት መስመር ገመድ ውስጥ ሽቦ ላጡ። ከትርፍራፊ ላሜራ የማዕዘን ልክ ቆረጡ፣ እኔ ቁጥሩን እየጠራሁ እሳቸው በፒንሳ አጠፉ። አዲስ አበባ ሆኜ እኔ ካጠፍኩት ይልቅ የእሳቸው ለወረቀቱ የቀረበ ነበር። እኩል የበሷቸው የድሮ ቀዳዳዎች ላሜራው ላይ ክፍት ሆነው ቀሩ፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ለ17 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ከቁም ነገር አይገባም። አንድ ሁለት መታጠፊያ ላይ ሚሊ ሜትር ተሳስተናል፤ ያም ይታለፋል። ስሌቱ ሲሠራ እያንዳንዱን ዕጩ ትንሽ እያነቃነቅሁ ነው ነጥብ የሰጠሁት፤ እጅ ሲዛነፍ የሚሞት ቅርጽ እንዳያልፍ። 8470 ሜጋኸርዝ ላይ ለሠራችው የናሳዋ አንቴና ግን ሞገዱ ራሱ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ እዚያ ሚሊ ሜትር ብዙ ነው።

በያጁ ከሱቃቸው ሌላ ላሜራ አወጡ። አራት ቀጥ ያሉ ሽቦዎችን እንደገና በእኩል ርቀት ተከሉበት። "የእኔም ይሞከር" አሉ። ትክክል ናቸው፤ ሳይወዳደር ምን ተመረጠ ይባላል? ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሁለቱን ላሜራ ጭነን፣ አክስቴ ፓፓያዋን ይዛ፣ በባጃጅ ሄድን።

መጀመሪያ ቀጥ ያለውን ሰቀልን። ከራውተሩ የራሱ አንቴና የተሻለ ሰማ፤ ድምፅ ገባ፤ ቪዲዮው ግን ይሄድና ይቆማል፣ ይሄድና ይቆማል። ቀጥሎ ጠማማውን። ፊቱን ወደ ጉብታው አዞርነው፤ በያጁ መሰላሉ ላይ ሆነው ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያሉ፣ እኔ ከታች ሆኜ የራውተሩን ቁጥር እየጠራሁ። አንድ ቦታ ላይ ቁጥሩ ወጣና እዚያው ረጋ። "አይንቀሳቀስ!" ብዬ ጮህኩ፤ ቁርቁራው ሥር ያሉት ሳይቀሩ ሰሙ። አክስቴ ጅዳ ደወለች። ምስሉ አንዴ ደበዘዘ፣ ከዚያ ጠራ። የልጅቷ ሁለቱም ዓይኖች፣ አፍንጫዋ፣ ገና ያልወጣው ጥርሷ። አክስቴ ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም፤ ከዚያ "አገጯ የአባቷ ነው" አለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ ቤቱን ሞላው።

በያጁ ግን ከመሰላሉ ወርደው ሁለቱን ላሜራ ጎን ለጎን ያዩ ነበር። ቀጥ ያለው ከምንም የተሻለ መሆኑ ልባቸው ውስጥ ገብቷል። "ይኼ የእኔ" አሉኝ፣ "ከዘሮቹ መካከል ሊገባ አይችልም?" ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ በሰው እጅ የተነደፈ ደህና ቅርጽ የመጀመሪያው ትውልድ ውስጥ ይገባና ከጠማሞቹ ጋር ይዳቀላል፤ ከእሱ ጥሩ ነገር ካለ ይወርሱታል። ይህን ስነግራቸው ኪሳቸው ውስጥ ካሊፐራቸውን ፈልገው አወጡ።

"እንግዲያው ጻፍ። ቁመቱን እለካልሃለሁ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀትም። ሌላም አለ፤ ሦስተኛው ላይ ያለችው መታጠፊያ ለፒንሳ አትበቃም፣ ስንሰቃይ አይተሃል። የፒንሳዬ አፍ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ያጠረች መታጠፊያ ይዞ ከመጣ ነጥብ እንዳትሰጠው። ጻፍከው?"

"ጻፍኩት፣ ጋሼ።"

"የላሜራውን ውፍረትም ጻፍ።"